የተወጋው ላስቲክ ለምን አላፈሰሰም?

ጆን ሆልተር በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ፣ ቁልፍ በሚያመርት ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ቴክኒሻን ነበር። በ1955 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ላይ ወንድ ልጅ ተወለደለት፤ ኬሲ አሉት። የሕፃኑ የአከርካሪ አጥንት ሳይገጥም ቀርቶ ነርቮቹ በጀርባው ላይ በእብጠት መልክ ወጥተው ነበር። ሐኪሞች ስፓይና ቢፊዳ የሚሉት ይህንን ነው።

እንዲህ ያለ ሕፃን ሲወለድ ክፍቱ ቦታ በንጹሕ እርጥብ ፋሻ ይሸፈናል፤ ሕፃኑ በሆዱ ይተኛል፤ ከዚያም ጀርባው በቀዶ ሕክምና ይዘጋል። መከራው ግን ብዙ ጊዜ በዚህ አያበቃም። አንጎል ውስጥ የሚመነጨው ፈሳሽ መሄጃ አጥቶ ይጠራቀማል፤ እርግብግቢት ይወጠራል፤ ጭንቅላት ከልክ በላይ ያድጋል። ኬሲም ይኸው ደረሰበት። ፈሳሹን በመርፌ እየቀዱ ያስታግሱለት ነበር።

ሐኪሙ ዩጂን ስፒትዝ ችግሩን ለአባትየው አስረዱት። ፈሳሹን በቀጭን ቱቦ ወደ ልብ ማውረድ ይቻላል፤ ደም ወደ ቱቦው ከተመለሰ ግን ይረጋና ይደፍነዋል። የጠፋው በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍና የሚያዛልቅ ቫልቭ ነበር። ሆልተር ሲሰማው፣ ነገሩ እጁ የለመደው የቧንቧ ሥራ መሰለው።

አንድ ቀን ሆስፒታል ውስጥ፣ መድኃኒት ለመስጠት የላስቲክ ቱቦ በመርፌ ሲወጋ አየ። መርፌው ተነቀለ፤ ጠብታ እንኳ አልወጣም። ኳስ የነፋ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፦ መርፌው ሲወጣ የላስቲኩ ከንፈር መልሶ ይገጥማል። ሆልተር አንድ እርምጃ አለፈ። ላስቲኩ ስንጥቅ ቢኖረውስ? ፈሳሹ ከውስጥ ሲገፋው ይከፈታል፤ ደም ከውጭ ሲገፋው ይዘጋል።

ወደ ጋራዡ ገብቶ ላስቲክ መሰንጠቅ ጀመረ። ሐሳቡ ሠራ፤ ለዓመታት ሰውነት ውስጥ የሚቀመጥ ዕቃ ግን ሌላ ነገር ይፈልጋል። ያንንም፣ ሰውነት በማይቆጣው በሲሊኮን አገኘው። በትንሽ ቱቦ ሁለት ጫፍ ላይ ሁለት ስንጥቆች፣ ሁለቱም ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረው ተቀመጡ። ሐኪም ከቆዳ በላይ በጣቱ ሲጫነው ፈሳሹ ይገፋል፤ ሲለቀው ተመልሶ ይሞላል።

በ1956 የመጀመሪያው ቫልቭ የገባው ለሌላ ሕፃን ነበር፤ ኬሲ ያኔ ቀዶ ሕክምና የሚችል አልነበረም። የእሱ ተራ በኋላ ደረሰ። ኬሲ ያረፈው በልጅነቱ ነው፤ በእሱ ምክንያት የተሠራው ቫልቭ ግን ለብዙ ሺህ ሕፃናት ተረፈ።

ቱቦውና ቫልቩ አንድ ላይ ሸንት ይባላሉ፤ ይህ መሣሪያ ዛሬም ሊደፈን ይችላል። ስለዚህ ፊላደልፊያም ሆነ አዲስ አበባ፣ ሸንት የገባለት ልጇን አቅፋ ከሆስፒታል የምትወጣ እናት የምትሰማው ምክር ያው ነው፦ ካስመለሰው፣ እንቅልፍ ከበዛበት፣ እርግብግቢቱ ከተወጠረ፣ ነገ አትበዪ፤ ዛሬውኑ ይዘሽው ነይ።