ያልተፈረመበት አንቀጽ

በብድር ትንተና ክፍል ሥራዬ በእጄ የሚያልፈው ውል ሁሉ ዋናውን ገንዘብ፣ ወለዱንና የመክፈያ ጊዜውን አጥብቆ ይይዛል። ገንዘቡ በመክፈያው ዕለት ስንት ኩንታል እህል እንደሚገዛ ግን የሚናገር አንቀጽ የለውም። ተበዳሪም አበዳሪም የማይፈርምበት ይህ ጉዳይ አሜሪካን አንድ ትውልድ ሙሉ አከራክሯል።

እ.ኤ.አ. በ1873 የወጣው የሳንቲም ሕግ የብር ማዕድን እንደ ወርቅ ያለ ገደብ ገንዘብ ሆኖ እንዳይመታ አደረገ። በ1879 ደግሞ የወረቀት ዶላር በወርቅ መመንዘር ጀመረ። ምርቱ ሲበዛ ወርቁ እኩል አልበዛም፤ ዋጋ ወረደ። የካንሳስ ገበሬ መሬቱን አስይዞ የወሰደውን 1,000 ዶላር ለመመለስ በ1870ዎቹ መጀመሪያ 1,000 ቡሼል ስንዴ ገደማ ይበቃው ነበር። በ1894 አንዱ ቡሼል ወደ 50 ሳንቲም ሲወርድ፣ ወለዱን ሳንቆጥር 2,000 ያስፈልገው ጀመር። ባቡሩና አዳዲሶቹ እርሻዎችም ለዋጋው መውደቅ ድርሻ ነበራቸው፤ ቢሆንም የውሉ አንድ ፊደል ሳይለወጥ የገበሬው ሸክም እጥፍ ሆነ፤ ትርፉ የአበዳሪው ነበር።

በ1895 የመንግሥት ግምጃ ቤት ወርቅ ሊያልቅ ሲቃረብ ፕሬዚዳንት ክሊቭላንድ ከባንክ ባለቤቱ ጄ.ፒ. ሞርጋን ጋር ተዋዋሉ። ሞርጋንና አጋሮቹ 3.5 ሚሊዮን ኦውንስ ያህል ወርቅ አቀረቡ፤ በምትኩ የተቀበሉትን ቦንድ ሸጠው አተረፉ። አገር በግል ባንክ እጅ ወደቀች ያለውን ገበሬ አልፈርድበትም። የብር ማዕድንም እንደገና ገንዘብ እንዲሆን ከጠየቀው የገበሬዎች ንቅናቄ ሰዎች ግን ቁጣውን ወደ አይሁድ ጥላቻ ያዞሩት ነበሩ፤ ይህ ነውር ነው። ጥፋቱ የአሠራሩ እንጂ የማንም ዘር አልነበረም።

በ1896 የ36 ዓመቱ ብራያን በቺካጎ ለብር ማዕድን ተሟግቶ የዴሞክራቶች የፕሬዚዳንትነት ዕጩ ሆነ፤ በምርጫው ግን በማኪንሊ ተሸነፈ። በ1900 ወርቅ በሕግ ጸና። ዕዳውን ያቀለለው በኋላ ከደቡብ አፍሪካና ከክሎንዳይክ የጎረፈው አዲስ ወርቅ ነው። የሚሊዮኖች ኑሮ በማዕድን ቆፋሪ ዕድል ላይ መንጠልጠሉ ለእኔ የወርቅ ሥርዓቱ ትልቁ ጉድለት ነው። ስለዚህ «ወደ ወርቅ እንመለስ» የሚሉትን አልደግፍም።

የእኛ አገር ሚዛን ግን ወደ ሌላው ወገን ያዘነበለ ነው። ሕንፃና ማሽን የሚያስይዝ ሰው ይበደራል፤ የሚያስይዘው የሌለው ይቆጥባል። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ አደረገው። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ ሲያልፍም ዝቅተኛው ወለድ እዚያው ነበር። የካንሳሱን ድሃ ዕዳው ከበደበት፤ የእኛው ድሃ ደግሞ ቁጠባው አለቀበት፣ የባለሀብቱም ዕዳ በዚያው ልክ ቀለለ። ወለድ የሚወስኑ ሰዎች ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከዋጋ ንረቱ ጋር አያይዘው ይወስኑ።