መሥመር ጠባቂዋ መኪናችን
በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ በኋላ ቤታችን የገባችው የኤሌክትሪክ መኪና መሥመር ጠባቂ የሚሉት መሣሪያ አላት። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ከፊት መስተዋቱ በስተ ኋላ ያለች ካሜራ በአስፋልቱ ላይ የተቀባውን መሥመር ትመለከታለች፤ ነጂው ፍሬቻ ሳያበራ መሥመሩን ሊያልፍ ሲል፣ መሣሪያው እንቅልፍ የጣለው መስሎት መሪውን ቀስ አድርጎ ይመልሰዋል። በአዳማው የፍጥነት መንገድ ይህ እጅግ ደግ ነገር ነው። በደብረ ብርሃን መንገድ ግን አባታችን አህያ ከሚነዳ ልጅ ሊርቅ መሥመሩን ቢረግጥ መሪው ወደ ልጁ መለሰው! ደግነቱ መሣሪያው ለሰው ክንድ እንዲሸነፍ ሆኖ የተሠራ ነው፤ አባታችን ጠምዝዞ አለፈ። እናታችን እስከ ሰንዳፋ ቃል አልወጣትም። ፍሬቻው በርቶ ቢሆን መሣሪያው ዝም ባለ ነበር። አሁን አባታችን ለአህያም ፍሬቻ ያበራል፤ ባለ አህያዎቹ ይስቁበታል።