ጀበናውና የበሩ ብርሃን

ግዑዝ ነገርን ከፊት አስቀምጦ በዘይት ቀለም መሣል ማለት ሠዓሊው ጀበናን፣ ስኒን፣ ቅልን፣ የሽንኩርት ራስን ወይም የተጣጠፈ ጋቢን በአንድ ገበታ ላይ አኑሮ፣ ከፎቶግራፍም ከትዝታም ሳይሆን ከዕቃው ከራሱ እያየ፣ ቅርጹንና ቀለሙን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያረፈበትን ብርሃን በሸራ ላይ የሚያሰፍርበት የሥዕል ዘርፍ ነው። በሥዕል ተማሪዎች ዘንድ ዘርፉ ‹ስቲል ላይፍ› በሚለው የእንግሊዝኛ ስሙ ይታወቃል፤ ስሙ ሆላንዶች በ17ኛው መቶ ዘመን ከተጠቀሙበት ‹ስቲልሌቨን› ከተሰኘ ቃል የመጣ ሲሆን ጸጥ ያለ ሕይወት እንደ ማለት ነው፤ ፈረንሳዮች ግን ያንኑ ‹ናቱር ሞርት›፣ የሞተ ተፈጥሮ፣ ይሉታል። ከሁለቱ የሆላንዶቹ ስያሜ ለሥራው ይቀርባል፤ በበር አጠገብ ለሦስት ሰዓት የተቀመጠ ጀበና ራሱ ባይንቀሳቀስም ፀሐይዋ ስትዞር ጥላው ይረዝማል፣ አንገቱ ላይ ያለችው ብልጭታ ቦታዋን ትለውጣለች፣ ሥሩ የተጎዘጎዘው ቄጤማም ይጠወልጋል።

የኢትዮጵያ ሥዕል ዕድሜው ረጅም ቢሆንም ዕቃን ከፊት አስቀምጦ መሣል የቅርብ ዘመን ልማድ ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ የእመቤታችንን ሥዕል በእንጨት ገበታ ላይ የሣለው ፍሬ ጽዮንም ሆነ ከእርሱ በኋላ የተነሡት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች መነሻቸው ከመምህር የተወረሰው ሥርዓት ነበር፤ በዚህ ሥርዓት ቅዱሳን ፊታቸው በሙሉ ይታያል፣ ክፉዎች ግን ከጎን በአንድ ዐይናቸው ይሣላሉ፤ በምሴተ ሐሙስ ማዕድ ላይ የሚታዩት ጽዋና ኅብስትም የተሣሉት ምንነታቸው እንዲታወቅ እንጂ ብርሃን ከየት እንደ መጣባቸው እንዲታይ ስላልሆነ የሚጥሉት ጥላ የለም። ይህ የችሎታ ማነስ ተደርጎ ሊቆጠር አይገባውም፤ ለጸሎት የተዘጋጀ ሥዕል ብርሃኑን ከመስኮት አይበደርምና። በደራሲነታቸው ይበልጥ የሚታወቁት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በጣሊያን ቱሪን፣ ከእርሳቸው በኋላም አገኘሁ እንግዳ በፓሪስ ሥዕል ከተማሩ ወዲህ ነው ከዕቃና ከሰው ፊት ተቀምጦ የመሣል ልምድ ወደ አገር መግባት የጀመረው፤ አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ ተምረው ከተመለሱ በኋላ በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲያቋቁሙ ደግሞ ልምዱ በሥርዓት የሚሰጥ ትምህርት ሆነ።

ያም ሆኖ ግዑዝ ነገር ለሠዓሊዎች ከትልልቆቹ ርእሶች ጎን ዝቅ ያለ ቦታ ይዞ ቆይቷል። በፈረንሳይም ፌሊቢየን የተባለ ጸሐፊ በ1667 እ.ኤ.አ. የሥዕል ዘርፎችን በማዕርግ ሲደረድር የታሪክን ሥዕል ከላይ፣ ግዑዝ ነገርን ከታች አስቀምጦ ነበር። በእኛም አገር የወሎዋን ወረኢሉን ለዚህ ነገር እንደ ምስክር ማንሣት ይቻላል፤ ከተማዋ በ1888 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ለዐድዋ ዘመቻ ጦራቸውን ያከተቱባት በመሆኗ በታሪክ ትታወቃለች፤ የዘመቻው ፍጻሜ የሆነው ጦርነትም ፈረሱ፣ ጋሻውና ጠመንጃው ሳይቀር እጅግ ብዙ ጊዜ ተሥሏል፤ የዚያ ደጋ የቤት ዕቃ ግን ለራሱ ሲል የሚሥለው ሰው ብዙ አላገኘም። ወልድያ የተወለዱትና በሌኒንግራድ የተማሩት ታደሰ መስፍን የገበያ ሴቶችን ግርማ ባላበሱባቸው ሥዕሎች ውስጥ ከሴቶቹ ጋር የምትታየው ጥቂት አትክልትና ፍራፍሬ ዐይን የምታሳርፍ በመሆኗ፣ ሥዕሎቹን ወሎ ለዚህ ዘርፍ ያበረከተው የቅርብ ምሳሌ አድርጎ መቁጠር ያስኬዳል።

የዘይት ቀለም ሲባል ስሙ ከሩቅ አገር የመጣ ይመስላል፤ ዋናው ነገሩ ግን ከወሎ ደጋ ማሳ የራቀ አይደለም። ቀለሙ የሚሠራው ከሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ከአፈር፣ ከማዕድን ወይም ከኬሚካል ቅመማ የሚገኝ ደቃቅ ዱቄት ሲሆን ሁለተኛው ዱቄቱን የሚያጣብቀው ዘይት ነው፤ ይህም ዘይት ከሁሉ አስቀድሞ የተልባ ዘይት ነው። ባለሰማያዊ አበባዋ ተልባ፣ በጾም ወራት ተቆልታና ተወቅጣ የምትቀርበው ራሷ፣ የአውሮፓ ሠዓሊዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ሥራቸውን የመሠረቱባት ዘር ናት። ሱፍም በዚህ ሥራ ድርሻ አለው፤ ዘይቱ እንደ ተልባ ቶሎ ወደ ቢጫነት ስለማያደላ ነጭና ፈዛዛ ቀለሞች ብዙ ጊዜ በእርሱ ይለወሳሉ፤ የኑግ ዘይት ግን ቀስ ብሎ የሚደርቅ በመሆኑ ለዚህ ሥራ ከሁለቱ ያነሰ ነው። እርግጥ ከቤት መጭመቂያ የወጣ ዘይት ዝልግልጉና ቆሻሻው ሳይጠራ ለሥዕል አይበቃም፤ ለሥዕል የሚሆነው ሳይቆላ በቀዝቃዛው ተጨምቆ የተጣራው ነው።

የተልባ ዘይት እንደ ውሃ በትነት አይደርቅም። ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ከውስጡ እየተሳሰረ ወደ ጠንካራ ስስ ቆዳ ይለወጣል፤ ስለዚህም ሲደርቅ መጀመሪያ ላይ ክብደቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ስስ የተቀባ ቀለም በጥቂት ቀናት ውስጥ እጅ የማይዝ ቢሆንም ውስጡ እስኪጠነክር ግን ወራት ይፈጃል፤ የመጨረሻው መከላከያ ቫርኒሽም የሚቀባው ባብዛኛው ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ከቆየ በኋላ ነው። ከዚህ ጠባይ የሚወጣው ዋና ሕግ ዘይት የበዛበት ቀለም ዘይት ባነሰበት ላይ ይቀባ የሚለው ነው፤ የታችኛው ቅብ የአገሬው ቀለም ቀቢ አኳራጅ በሚለው ማቅጠኛ ሳስቶ ቶሎ እንዲደርቅ ይደረጋል፣ ወደ ላይ በተኬደ ቁጥር ዘይቱ ይጨመራል፤ ሕጉ ከተጣሰና የላይኛው ከታችኛው ቀድሞ ከደረቀ ሥዕሉ ከዓመታት በኋላ ይሰነጣጠቃል። ሸራ ባልተገኘበት ስፍራ አቡጀዲ በእንጨት ላይ ተወጥሮ ሊያገለግል ይችላል፤ ነገር ግን ዘይት ጨርቅን ውሎ አድሮ ስለሚያበሰብስ አስቀድሞ ኮላ፣ ቀጥሎም ነጭ መደብ ይቀባል። ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ በራሱ ሙቀት ሊነድ የሚችል በመሆኑ ሣር ክዳን ባለበት ቤት ውስጥ ይህ እጅግ መታወቅ ያለበት አደጋ ነው፤ ጨርቁ ውጭ ተዘርግቶ ይደርቃል ወይም በውሃ ይነከራል።

ብርሃን ለብቻው ሊነገርለት የሚገባ ጉዳይ ነው። የአውሮፓ መምህራን የሥዕል ቤት መስኮት ወደ ሰሜን ይሁን ይላሉ፤ በእነርሱ አገር ፀሐይ በቀትር ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ስለምትውል የሰሜን መስኮት ቀጥተኛ ጨረር ሳይገባበት ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ብርሃን ይሰጣል። ወረኢሉ ግን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 10 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስላለች ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ትዘነበላለች፤ ሕጉን በቃሉ የያዘ ሠዓሊ በግንቦት የሰሜን መስኮቱን ከፍቶ ፀሐይዋን ፊት ለፊት ያገኛታል። ስለዚህ በዚህ ደጋ የሰሜን መስኮት ደኅና የሚሆነው ከጥቅምት እስከ የካቲት ባሉት ወራት ሲሆን በክረምት ደመናው ራሱ ብርሃኑን ያለዝበዋል። ወረኢሉም ሆነች ሌላዋ የወሎ ከተማ መካነ ሰላም ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆናቸው የበጋ ፀሐይ ብርቱ ናት፣ ጥላውም በቢላ የተቆረጠ ያህል ነው፤ ደጅ የተቀመጠ ዕቃ ጥላው ውስጥ የሰማዩ ሰማያዊነት በጉልህ ይታያል። ጥላ ጥቁር አለመሆኑን ለመማር ከዚህ የተሻለ ቦታ ማሰብ ይከብዳል። በሌላ በኩል መስኮት የሌለው ክብ ጎጆ በበሩ ብቻ ብርሃን የሚያገኝ በመሆኑ ዕቃውን ከአንድ ወገን አብርቶ ሌላውን ወገን ለጨለማ ይተወዋል፤ ጣሊያናዊው ሠዓሊ ካራቫጆና ተከታዮቹ የፈለጉት ብርሃን ይህን የመሰለ ነበር።

የሚሣለው ዕቃ ሲመረጥ ዕድሜው ይታሰባል። ቄጤማ በሰዓታት፣ የባቄላ እሸት በአንድና በሁለት ቀን መልኩን ስለሚለውጥ ቀድመው ይሣላሉ፤ ሽንኩርት ሳምንታት፣ ዱባ ወራት ይታገሣል። ፈረንሳዊው ሴዛን በጣም ዘገምተኛ ስለነበር ፍሬዎቹ ይበሰብሱበት፣ በአበባም ፈንታ የወረቀት አበባ ያስቀምጥ ነበር፤ የቦሎኛው ሞራንዲ ደግሞ ዕድሜውን በአብዛኛው ያሳለፈው ጥቂት ጠርሙሶችንና ገንቦዎችን መልሶ መላልሶ በመሣል ነው። የረከቦት ዕቃ ለጀማሪ የተሟላ ትምህርት የሚሆነው ባሕርያቱ የተለያዩ በመሆናቸው ነው፤ በጭስ የጠቆረው ጀበና ብርሃንን ይውጣል፣ ነጩ ስኒ ይመልሰዋል፣ ብርሌ ቢታከል ደግሞ ያሳልፈዋል፤ ከጀርባ የቆመ ባለ አለላ ሰፌድ ክብ በክብ የተሰፋ በመሆኑ ክቡ በአግድሞሽ ሲታይ እንዴት ወደ ሞላላነት እንደሚለወጥ በግልጽ ያሳያል።

ሥራው የሚጀመረው በከሰል በሚሠራ ቀላል ንድፍ ነው፤ ሠዓሊው ክንዱን ዘርግቶ አንድ ዐይኑን በመጨፈን በቡሩሹ እጀታ የጀበናውን ቁመት ከወርዱ ያመዛዝናል። ቀጥሎ አምበር በሚባለው ቡናማ የአፈር ቀለም፣ ማንጋኒዝ ስላለበት ፈጥኖ በሚደርቀው፣ ጨለማውና ብርሃኑ ብቻ ይለያል፤ በዚህ ጊዜ ዐይንን ማጥበብ ዝርዝሩን አጥፍቶ ትልልቁን ክፍል ስለሚያወጣ ይጠቅማል። ከዚያ የሚመጣው ቀለም ሲሆን ከባዱም እርሱ ነው፤ ጀበና ጥቁር ነው ብሎ የሚያምን ሰው ጥቁር ቀብቶ ጉድጓድ ያተርፋል፣ የሚያይ ሰው ግን ሆዱ ላይ የቄጤማውን አረንጓዴ፣ በስኒዎቹ በኩል ግራጫ ንጣት፣ በበሩ በኩል የሰማይ ሰማያዊ ያገኛል። ከፎቶግራፍ መሣል የሚያሳጣው ይህንን ነው፤ ካሜራ ብዙ ጊዜ ጥላውን ወደ አንድ ጥቁረት ሰብስቦ ይይዘዋል፣ ቀስ ብሎ ጨለማን የሚለማመድ ዐይን ግን በውስጡ ቀለም ይለያል። ብልጭታዎቹ ወፍራም ሆነው በመጨረሻ ይቀመጣሉ፤ የስኒው ስለት ያለው፣ የጀበናው የደበዘዘ ነው።

ያላለቀ ሸራ ምድጃ ባለበት ቤት ሊያድር አይገባውም፤ እርጥብ ዘይት የኩበት ጭስና ብናኝ ይይዛልና። የደረቀው ሥዕልም በጨለማ ጓዳ ለረጅም ጊዜ ከተቀመጠ የተልባ ዘይቱ ይበልጥ ቢጫ እየሆነ ይሄዳል፤ እንደዚህ የሆነ ሥዕል ቀጥተኛ ፀሐይ በማያገኘው፣ የቀን ብርሃን ግን በሚደርሰው የበር አጠገብ ግድግዳ ላይ ለጥቂት ሳምንታት ሲሰቀል ከንጣቱ አብዛኛውን ይመልሳል።