ተጨማሪ መረጃ፦ የቆየ የቁርጭምጭሚት ሕመምና የእጅ ሕክምና

ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር በ1895 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የጀመረው ካይሮፕራክቲክ፣ ማለትም መገጣጠሚያን በእጅ በማንቀሳቀስ የሚሰጥ ሕክምና፣ ዋና ትኩረቱ አከርካሪ ቢሆንም ከወለምታ በኋላ ለሚቆይ የቁርጭምጭሚት ሕመምም ይውላል። ወለምታው የጎዳቸው ጅማቶች ከዳኑም በኋላ፣ በቅልጥምና በተረከዝ አጥንት መካከል ያለው ታለስ የተባለው አጥንት እንደ ልብ ወደ ኋላ ሳይንሸራተት ሊቀር ስለሚችል፣ ሕመምተኛው ቁጢጥ ሲል ተረከዙ ያለጊዜው ከመሬት ይነሳል። ባለሙያው ታለስን በመዳፉ ደጋግሞ ወደ ኋላ ሲገፋ እንቅስቃሴው ሊሻሻል ይችላል፤ ሆኖም በአንድ እግር መቆምን በመሰለ የሚዛን ልምምድ ካልታገዘ መሻሻሉ ብዙም አይዘልቅም። በኢትዮጵያ ተመሳሳይ ተግባር የሚያከናውነው ወጌሻ ሲሆን፣ የብዙዎቹ የእጅ ልምድ የሚከበር ቢሆንም፣ ስብራት አለመኖሩ ሳይረጋገጥ ማሸት ጉዳቱን ያባብሳል፤ የደም ዝውውርን እስኪያግድ አጥብቆ ማሰር ደግሞ እግርን እስከማስቆረጥ ያደርሳል።