«ዋናው ሐኪም መቼ ነው የሚመጣው?»

በማስተማሪያ ሆስፒታል አስታማሚ ሆኖ ያደረ ሰው ይህን ጥያቄ ጠይቋል፤ እሱ ባይጠይቅ አጠገቡ ያለው ሲጠይቅ ሰምቷል። በነርቭ ክፍል ደግሞ ጥያቄው ይበረታል። ነጭ ጋወን የለበሰው ወጣት ስለ በሽታው አመጣጥ ረጅም ጊዜ ይጠይቃል፣ ጉልበት በትንሽ መዶሻ ይመታል፣ የውስጥ እግር ይጭራል፣ «ዓይንህን ጨፍነህ ቁም» ይላል። ለሚያየው ሰው ልምምድ ይመስላል። ስለ ነርቭ ሬዚደንቶች ከሚወራው ብዙው የሚመነጨውም ከዚሁ ነው።

የሚባለው፦ ሬዚደንት ተማሪ ነው፤ በበሽተኛ ላይ ይለማመዳል

ሬዚደንት የተመረቀ ሐኪም ነው። ብዙውን ጊዜ ወደ ስፔሻሊቲው ከመግባቱ በፊት ክፍለ ሀገር ወርዶ በጠቅላላ ሐኪምነት ሠርቷል፤ አዋልዷል፣ ወባ አክሟል። አሁን የሚማረው አንዱን ዘርፍ ጠልቆ ማወቅን ሲሆን ውሳኔውንም ብቻውን አይወስንም። ሌሊት ያየውን ጠዋት በራውንድ፣ ማለትም ታማሚዎቹ በጋራ በሚጎበኙበት ሰዓት፣ ለበላይ ሐኪሙ ለሲኒየሩ ያቀርባል፤ ይጠየቃል፣ ይታረማል፣ አንዳንዴም በሰው ፊት ይገሠጻል። ኃላፊ የሆነውን ሲኒየር ማወቅ የታማሚው መብት ስለሆነ መጠየቁ ነውር የለውም። ሬዚደንቱን «አንተ ልጅ፣ ትልቅ ሰው ጥራልኝ» ብሎ መመለስ ግን ታሪኩን ከሥር ከመሠረቱ የሚሰማውን ሰው መመለስ ነው።

በአገራችን ይህ ሥልጠና ራሱ ወጣት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና ሬዚደንቶችን ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው)።

የሚባለው፦ ኤምአርአይ እያለ መዶሻ ምን ያደርጋል?

በጣም የተስፋፋው እምነት ይኸኛው ነው፤ ኪስ የሚያራቁተውም እሱ ነው። የነርቭ ሬዚደንት በመጀመሪያው ዓመት ደጋግሞ የሚገሠጸው «በሽታው ምንድን ነው?» ወደሚለው ቶሎ ስለሚዘል ነው። ሲኒየሩ የሚፈልገው መጀመሪያ «የት ነው?» የሚለውን እንዲመልስ ነው። እግሩ የሰነፈበት ሰው ችግሩ ከአንጎል ሊሆን ይችላል፤ ከኅብለ ሰረሰር፣ ከነርቭ፣ ነርቭና ጡንቻ ከሚገናኙበት ቦታ ወይም ከጡንቻው ከራሱም ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ የራሱን ምልክት ይተዋል። ጉልበቱ ሲመታ ከልክ በላይ የሚዘል፣ የውስጥ እግሩ ሲጫር አውራ ጣቱ ወደ ላይ የሚነሳ ከሆነ ጥፋቱ አንጎል ወይም ኅብለ ሰረሰር ላይ ነው። ይህን የጣት ምልክት ባቢንስኪ የተባለው ሐኪም ፓሪስ ላይ የገለጸው በ1896 ነው፤ እስከ ዛሬ የተካው የለም። ጉልበቱ ጨርሶ የማይመልስ፣ ድካሙም በጥቂት ቀናት ከእግር ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ ነርቮቹ ይጠረጠራሉ። ጠዋት ደህና ሆኖ ማታ ማታ የዓይኑ ቆብ የሚወድቅበት ሰው ከሆነ ደግሞ ነርቭና ጡንቻ የሚገናኙበት ቦታ ይጠረጠራል።

አሁን ፌስታል ሙሉ ፊልም ይዞ የሚመጣውን ታማሚ እናስብ። እግሩ ስለሰነፈ የወገብ ኤምአርአይ አስነስቷል፤ «ዲስክ ነው» ተብሏል። ሬዚደንቱ ጉልበቱን ሲመታው ይዘላል፤ አውራ ጣቱም ይነሳል። ኅብለ ሰረሰር የሚያልቀው በመጀመሪያውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ያሉት የነርቭ ሥሮች ብቻ ናቸው፤ እነሱ ሲጎዱ ጉልበት ይደክማል እንጂ አይዘልም። ስለዚህ ጥፋተኛው ከላይ፣ ደረት ወይም አንገት ላይ ተቀምጧል ማለት ነው፤ የተከፈለበት ፎቶ ደግሞ እዚያ አልደረሰም። ታዲያ የታየው ዲስክስ? በ1994 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ወገባቸውን የማያማቸውን 98 ሰዎች በኤምአርአይ ሲያይ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ወጣ ያለ ዲስክ ተገኝቶባቸዋል። ፎቶው አልዋሸም፤ ያልተጠየቀውን ነው የመለሰው።

ይህ ማሽን መናቅ አይደለም። አንድ ወገኑ በድንገት የከዳው ሰው አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ ይሁን ደም ረግቶ፣ በመዶሻ የሚለይ ሬዚደንት የለም። ሲቲ ስካን የግድ ነው።

የሚባለው፦ የሚጥል በሽታ ሲነሳ ክብሪት ጭሮ ማሸተት ያስነሳል

ክብሪቱ የሚመሰገነው ባልሠራው ሥራ ነው። አብዛኛው መንፈራገጥ በአንድ፣ በሁለት ወይም በሦስት ደቂቃ በራሱ ያቆማል፤ ክብሪቱ ተፈልጎ እስኪጫር ያው ጊዜ ያልፋል። ሰውየውን በጎኑ ማስተኛት፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት፣ ሰዓት መያዝ፤ 5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። የሚረዳው ይኸው ነው።

ሬዚደንቱ የሚፈልገው ያየውን ሰው ነው። ታማሚው ራሱ አያስታውስም፤ የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራው፣ ማለትም ኢኢጂው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ በሽታው ካለባቸው ሰዎች በግማሽ ያህሉ ላይ ምንም ላያሳይ ይችላል። የጎረቤት ምስክርነት፣ አሁን አሁን ደግሞ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ፣ ከወረቀቱ በላይ ሚዛን የሚደፋው ለዚህ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1990 ያሳተሙት የቡታጅራ ጥናት ከ1000 ሰው 5.2 ያህሉ በሽታው እንዳለባቸው አሳይቷል፤ ከእነዚህ ውስጥ ተገቢውን መድኃኒት ያገኙት 1.6 በመቶው ብቻ ነበሩ።

የሚባለው፦ የነርቭ ሐኪም ስም ይሰጣል እንጂ አያድንም

ሌሎች ሐኪሞችም በዚህ ይቀልዳሉ፤ ቀልዱ ግን አርጅቷል። የሚጥል በሽታ በትክክለኛ መድኃኒት ከ10 ሰው በ7ቱ ገደማ ሊቆም ይችላል። በስትሮክ ላይ የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ በ1996 ተፈቀደ፤ ዛሬ ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ውስጥ ይሰጣል። ከ2015 ወዲህ ደግሞ የረጋውን ደም በቀጭን ቱቦ ጎትቶ ማውጣት እንደሚሠራ ተረጋግጧል፤ በተመረጡ ታማሚዎች ላይ እስከ 24 ሰዓት ድረስ። ሬዚደንቱ ስትሮክ ሲመጣ መጀመሪያ «ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ብሎ የሚጨቀጭቀው ለዚህ ነው። እኛ ዘንድ እነዚህ ሕክምናዎች እንደ ልብ አይገኙም፤ ቢሆንም ቶሎ መድረስ ብዙ ያተርፋል። መጀመሪያ ጠበል ልሂድ ለሚል፣ ጠበሉ ከሆስፒታል በኋላም አለ።

ሙያዎቹም ይምታታሉ፦ የነርቭ ሐኪም የአእምሮ ሐኪም አይደለም፤ ቀዶ ሕክምናም አይሠራም። ሦስቱ ለየብቻ የሚሠለጠንባቸው ሙያዎች ናቸው።

የሚባለው፦ ዲዩቲ ያላሰቃየው ሐኪም አይበስልም

ዲዩቲ ሳይተኙ የሚያድሩበት ተረኝነት ነው፤ ይህን ተረት የሚያወሩት ራሳቸው ሐኪሞቹ ናቸው። የነርቭ ሰዎች ሲያወሩት ደግሞ ያስገርማል፤ የተደበቀ የሚጥል በሽታን ለማውጣት ታማሚውን ሌሊት እንዳይተኛ አድርገው ጠዋት ኢኢጂ የሚያነሱት እነሱው ናቸውና። እንቅልፍ ማጣት አንጎልን ምን እንደሚያደርግ የሚነግራቸው አያስፈልጋቸውም። አሜሪካ ውስጥ በ1984 ሊቢ ዛየን የተባለች የ18 ዓመት ወጣት ኒው ዮርክ ሆስፒታል በገባች በሰዓታት ውስጥ መሞቷ ስለ ሬዚደንቶች ድካም ትልቅ ክርክር አስነሳ፤ በ2003 የሥራ ሰዓታቸው በሳምንት በአማካይ 80 እንዳያልፍ በመላ አገሪቱ ተደነገገ። ሰማንያውም ቢሆን ብዙ ነው።

የሚባለው፦ አሜሪካ ሄዶ እንደገና ተማሪ ሆነ፤ ድሮም የረባ ሐኪም አልነበረም

ከአገር ቤት ተመርቆ የሄደ ሐኪም፣ ስፔሻሊስትም ቢሆን፣ እዚያ ፈቃድ ለማግኘት በአብዛኛው የአገሪቱን ፈተናዎች አልፎ ሬዚደንሲውን ከመጀመሪያው መድገም አለበት። ብቃቱ ተመዝኖ ስለወደቀ አይደለም፤ ሕጉ እንዲያ ስለሆነ ነው። ነርቭ ከመረጠ 1 ዓመት በአብዛኛው የውስጥ ደዌ፣ ከዚያ 3 ዓመት ነርቭ ይሠራል፤ በመሀል 3 ወር የሕፃናት ነርቭ፣ 1 ወር የአእምሮ ሕክምና አለ። በአሜሪካዋ ሲልቨር ስፕሪንግ በልደት ግብዣ ላይ «እስካሁን አልጨረስክም?» የሚባለው ሰው አዲስ አበባ ሳለ ሬዚደንቶችን ሲያስተምር የነበረ ሊሆን ይችላል። በስትሮክ ወይም በሚጥል በሽታ ጠልቆ ልሥራ ካለ ደግሞ 1 ወይም 2 ዓመት ይጨመርበታል።