ማብቂያው የማይታወቅ እሥራት፡ ሸሪዓችንና የአገራችን ሕግ ምን ይላሉ?

(በሬድዮ ፕሮግራማችን ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን።

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በብዙ ቤት ውስጥ ያለ፣ ነገር ግን ከኀፍረት የተነሳ በግልጽ የማይወራ ጉዳይ ነው። እሱም እሥራት ነው፤ በተለይም መቼ እንደሚያበቃ ቤተሰቡ የማያውቀው እሥራት።

ከዳባት ስንቅ ቋጥራ፣ መኪና ተሳፍራ፣ ደባርቅ ማረሚያ ቤት በር ላይ ተራ የምትጠብቅ አንዲት እናት እናስብ። በብርዱ ቆማ ሳለ አንዱ፣ «እማማ፣ ልጅዎ መቼ ይፈታል?» ብሎ ቢጠይቃት መልሷ አንድ ነው፤ «አላህ ያውቃል» ትላለች። እውነቷን ነው፤ የነገውን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። ነገር ግን ከዚህ ጉዳይ ውስጥ ሰውም ሊያውቀው የሚገባ፣ በሕግ የተጻፈና በቀን የሚቆጠር ነገር አለ። የዛሬው ንግግራችን ዓላማ ይህን ለይቶ ማሳየት ነው።

የነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) እሥር

ቁርኣን የአንድ እሥረኛን ታሪክ በሰፊው ይነግረናል። በሱረቱ ዩሱፍ 35ኛው አንቀጽ እንደተገለጸው የግብጽ ሹማምንት የዩሱፍን (ዐ.ሰ) ንጽሕና የሚያሳዩ ምልክቶችን ካዩ በኋላ እንኳ እሥር ቤት ሊያስገቧቸው ወሰኑ። ለስንት ዓመት? ቁጥር አልተቆረጠም። ውሳኔው ላልታወቀ ጊዜ እንዲታሠሩ ነበር። እንግዲህ ማብቂያ የሌለው እሥራት ምን እንደሚመስል ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ የለም፤ ጥፋቱ አልተጣራም፣ ቀኑም አልተነገረም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ከእሥር ለሚወጣው ጓደኛቸው ጉዳያቸውን ለጌታው እንዲያነሳላቸው ጠየቁት። ሰውየው ግን ረሳ። እርሳቸውም በዚያው ተጨማሪ ዓመታት ቆዩ። በኋላ ንጉሡ ሲያስጠራቸውም ሮጠው አልወጡም። በመጀመሪያ ክሳቸው እንዲጣራ ጠየቁ።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ የእሥረኛ ጉዳይ ውጭ ያለ አስታዋሽ ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ የታሠረ ሰው ትልቁ ፍላጎቱ መለቀቅ ብቻ ሳይሆን ጉዳዩ በትክክል መታየቱ ነው።

ዑለማዎቻችን ምን አሉ?

በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ለብቻው የተሠራ እሥር ቤት አልነበረም። ሱማማ ኢብኑ ኡሳል በተያዘ ጊዜ በመስጊድ ምሰሶ ላይ ታሠረ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሦስት ቀን በተከታታይ እየመጡ አነጋገሩት፤ ከዚያም ፈቱት፤ እርሱም ሰለመ። በጥርጣሬ አንድን ሰው ይዘው ቆይተው የለቀቁበት ሐዲስም በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ ተዘግቧል። ኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ) ዘመን መካ ውስጥ የሶፍዋን ኢብኑ ኡመያ ቤት በ4,000 ዲርሃም ተገዝቶ እሥር ቤት ሆነ። ዓሊይም (ረ.ዐ) ኩፋ ላይ እሥር ቤት አሠርተዋል።

እሥር ቤቶች ከበዙ በኋላ ዑለማዎች አንድ ጥያቄ ገጠማቸው። ይኸውም ሸሪዓ መጠኑን ባልወሰነለት ጥፋት፣ ማለትም በተዕዚር፣ ዳኛ ሰውን ምን ያህል ጊዜ ሊያሥር ይችላል የሚለው ነው። በዚህ ላይ ልዩነት አለ። ገሚሶቹ ወንጀል የለመደ ሰው ተውበቱ እስኪታይ ድረስ ይታሠራል ብለዋል። ሌሎቹ ግን ወሰን አበጁለት። በ450 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት አል-ማወርዲ «አል-አሕካም አስ-ሱልጧኒያ» በተባለው ኪታባቸው እንዳሰፈሩት፣ የሻፊዒው ሊቅ አቡ ዐብዲላህ አዝ-ዙበይሪ ለምርመራ የሚደረገው እሥር ከአንድ ወር፣ ለቅጣት የሚደረገውም ከስድስት ወር እንዳይበልጥ ብለዋል።

የኢማም አቡ ሐኒፋ ደረሳ የነበሩት ቃዲ አቡ ዩሱፍ ደግሞ ለኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ በጻፉት «ኪታቡል ኸራጅ» እሥረኞች ከበይተል ማል እንዲመገቡና እንዲለብሱ፣ ሹማምንትም ጉዳያቸውን በየጊዜው እንዲያዩ መክረዋል። እሥር ቤት የሚሞላው የታሠሩትን ጉዳይ የሚያይ ሲጠፋ መሆኑንም አስገንዝበዋል። መምህራቸው አቡ ሐኒፋ ራሳቸው በ150 ዓመተ ሒጅራ በኸሊፋው አል-መንሱር እሥር ላይ እያሉ እንዳረፉ ሲታሰብ ምክሩ ከምን ዓይነት ልብ እንደወጣ እንረዳለን።

ስለዚህ «እስኪታረም» የሚለውን ብይን የተቀበሉት ዑለማዎች እንኳ እሥረኛው ይረሳ አላሉም። መታረሙን የሚያይ ዓይን ከሌለ «እስኪታረም» የሚለው ቃል «እስኪሞት» ይሆናልና።

ወህኒ የሚለው ቃል

ወደ አገራችን እንመለስ። እሥር ቤትን «ወህኒ» የምንለው ከጎንደር በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በበለሳ በኩል ካለው ከወህኒ አምባ የመጣ ነው ይባላል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ከዐፄ ፋሲለደስ ጀምሮ ዙፋን ይሻሙ ይሆናል የተባሉ የንጉሥ ልጆች በዚህ አምባ ላይ ይቀመጡ ነበር። ወንጀል አልሠሩም፣ የዓመት ቁጥርም አልተቆረጠላቸውም። ቃሉ ራሱ እንግዲህ ማብቂያ ከሌለው እሥራት የተወለደ ነው።

በሰሜን ተራሮች አካባቢም ታሪኩ ሩቅ አይደለም። የሰሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በደጃዝማች ካሣ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ በተባሉት፣ ድል ሆነው ከተማረኩ በኋላ ለረጅም ዓመታት በእሥር ቆይተዋል። በዚያን ዘመን እሥረኛ የሚፈታው አሳሪው ሲራራ ወይም ሲወድቅ ነበር።

የዛሬው ሕግ ምን ይላል?

በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ለእሥራት ወሰን አበጅቷል። ቀላል እሥራት በመርህ ደረጃ ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው። ጽኑ እሥራት ከ1 ዓመት እስከ 25 ዓመት ሲሆን ሕጉ በግልጽ በደነገገበት ጊዜ ዕድሜ ልክ ይሆናል። ለምሳሌ በተራ የሰው ግድያ አንቀጽ 540 የሚያስቀጣው ከ5 እስከ 20 ዓመት ነው። በ5 እና በ20 መካከል ያለው ርቀት ሰፊ በመሆኑ አንዱ ዳኛ 7፣ ሌላው 17 ሊፈርድ ይችል ነበር። ይህን ለማጥበብ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ዓ.ም. የቅጣት አወሳሰን መመሪያ አወጣ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ በሌላ ተካው።

ቤተሰብ ከሁሉ በላይ ማወቅ ያለበት አመክሮን ነው። በአንቀጽ 202 መሠረት ፍርደኛው ከተወሰነበት ጊዜ ከሦስት እጅ ሁለቱን ከፈጸመ ፍርድ ቤቱ በአመክሮ ሊፈታው ይችላል። 15 ዓመት የተፈረደበት 10 ዓመት ሲሞላው፣ 9 ዓመት የተፈረደበት 6 ዓመት ሲሞላው ማለት ነው። ከፍርድ በፊት በማረፊያ ቤት የቆየበት ጊዜም ይታሰብለታል። ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ደግሞ 20 ዓመት ሲሞላው መጠየቅ ይችላል። «ዕድሜ ልክ ከተባለ አለቀ» ብለው ልጃቸውን እንደ ሞተ የቆጠሩ ቤተሰቦች ይህን ሊያውቁ ይገባል።

ይሁን እንጂ አመክሮ ቀኑ ስለደረሰ ብቻ የሚሰጥ አይደለም። ፍርድ ቤቱ ጠባዩ መሻሻሉን ያያል፤ በተቻለው መጠን ተበዳዩን መካሱንም ይመለከታል። ጥያቄውን ማረሚያ ቤቱ ሊያቀርብ ይችላል፤ ፍርደኛው ራሱም ማመልከት ይችላል። ይቅርታ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ይቅርታ በመንግሥት በጎ ፈቃድ የሚሰጥ ስለሆነ ቀን አይቆረጥለትም። ብዙ ቤተሰብ በየበዓሉ የይቅርታ ስም ዝርዝር ሲጠብቅ የአመክሮው ቀን ሳይጠየቅ ያልፋል።

ሕጉ ራሱ ያልተወሰነ ጊዜ የፈቀደበት አንድ ቦታም አለ። የአእምሮ ሕመምተኛ ሆኖ በሥራው ኃላፊ ሊሆን የማይችል ሰው ወንጀል ቢሠራ አይቀጣም፤ ነገር ግን ፍርድ ቤት በተገቢ ተቋም እንዲቆይ ወይም እንዲታከም ሊያዝ ይችላል። ይህ ትእዛዝ የዓመት ቁጥር የለውም፤ ምክንያቱ እስካለ ድረስ ይቀጥላል። ስለሆነም ሕጉ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን በየሁለት ዓመቱ እንደገና እንዲያይ አዟል። «ጂን ነው» ብለን ሩቂያ ያስቀራንለት ወንድማችን ሐኪምም ያስፈልገዋል። የሐኪም ማስረጃ ከሌለው ሕመምተኛ መሆኑ ሳይታወቅ እንደ ጤነኛ ሊፈረድበት ይችላል። ማስረጃ ኖሮት ተቋም ከገባ በኋላም የሁለት ዓመቱን ቀን የሚቆጥርለት ዘመድ ይሻል።

ከፍርድ በፊት ያለውስ?

እንደ እውነቱ ከሆነ በእኛ አገር ማብቂያው የማይታወቀው እሥራት ይበልጥ የሚታየው ከፍርድ በፊት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ነገር ግን ለረጅም ዘመን የተሠራበት የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የምርመራ ቀጠሮን በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ቢወስንም ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም አልወሰነም። አሥራ አራት ቀን ሲደመር አሥራ አራት ቀን እያለ ወራት ይሆናል። የሙስሊሙ ኅብረተሰብ የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት በሐምሌ 2004 ዓ.ም. ተይዘው ቅጣታቸው የተነገረው በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መሆኑን የምናስታውስ፣ ሦስት ዓመት ቀጠሮ መጠበቅ ለቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ አንዘነጋውም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል በታወጀውና እስከ ግንቦት 2016 ዓ.ም. በቆየው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ሰዎች ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ይያዙ ነበር። ሃይማኖትም ሳይለይ የብዙ ቤት ደጅ ተንኳኳ።

የሌሎች ልምድ

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ አይደለም። እንግሊዝና ዌልስ በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ አደገኛ የተባሉ ሰዎችን ትንሹን ጊዜ ብቻ ወስነው ማብቂያውን ክፍት በመተው ማሠር ጀመሩ። አንዳንዱ ዝቅተኛው ጊዜ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ተፈርዶበት ከአሥር ዓመት በላይ ቆየ። ከ8,000 በላይ ሰዎች እንዲህ ከተፈረደባቸው በኋላ በ2012 እ.ኤ.አ. ቅጣቱ ቀረ፤ ቀድሞ የተፈረደባቸውን ግን ነጻ አላወጣም። ሕጉን ያመጡት የያኔው ሚኒስትር ዴቪድ ብላንኬት በኋላ በሥራቸው እንደተጸጸቱ በአደባባይ ተናግረዋል። በዚያ ቅጣት ላይ ሆነው ራሳቸውን ያጠፉ እሥረኞችም አሉ። የሰው ልጅ ረጅም ቁጥርን ይችላል፤ ቁጥር አልባነትን ግን አይችልም።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

ውድ አድማጮቻችን፣ እሥረኛ መጠየቅና ስንቅ ማቀበል ትልቅ አጅር ያለው ሥራ ነው። ሱረቱል ኢንሳን ምርኮኛን የሚመግቡትን ያመሰግናል። ድመትን አሥራ ሳትመግብና ሳትለቅ የገደለችው ሴት የደረሰባትን ቅጣት የሚናገረውን ሐዲስም እናውቃለን። ነገር ግን ከምግቡ ጋር የሚከተሉትን እናድርግ።

አንደኛ፣ የፍርዱን ግልባጭ ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት አውጥተን በቤታችን እናስቀምጥ። የተያዘበትን ቀን፣ የተፈረደበትን ዓመትና ከሦስት እጅ ሁለቱ የሚሞላበትን ቀን ጽፈን እንያዝ። አባት ቢሞት ልጅ ያውቀዋል።

ሁለተኛ፣ በ48 ሰዓት ፍርድ ቤት ያልቀረበ ሰው ካለን አካሉን ነጻ እንዲያወጣ ለፍርድ ቤት ማመልከት ሕገ መንግሥታዊ መብት መሆኑን እንወቅ።

ሦስተኛ፣ የሟችን ቤተሰብ አንርሳ። በሰሜን ተራሮች ግርጌ የደም ቂም ምን እንደሚያደርስ ለእናንተ አይነገርም። ገዳዩ ፍርዱን ጨርሶ ሲወጣ እርቅ ካልወረደ ጉዳዩ በፍርድ ቤት ቢያልቅም በመንደር ገና ይጀምራል። እነርሱም ልጃቸው መቼም የማይመለስ ቤተሰቦች ናቸው። ስለዚህ ሽማግሌ ልከን፣ ካሣውን በአቅማችን ከፍለን፣ ይቅርታ መጠየቅ ያለብን የመፈቻው ዓመት ሲቃረብ ሳይሆን ዛሬ ነው። አላህ በሱረቱል በቀራህ ይቅር ያለውንም ካሣ የሚከፍለውንም በመልካም እንዲሠሩ አዟል።

አራተኛ፣ በየመስጊዱ ጀመዓ አንድ ሁለት ማንበብ የሚችሉ ወጣቶች የእሥረኞችን ቀን የሚከታተሉ ይሁኑ። ጧት ከሱብሒ በኋላ ዱዓ የምናደርግለት ወንድም፣ ከሰዓት በኋላ ማመልከቻ የሚጽፍለት ሰው ይፈልጋል።

የዩሱፍ (ዐ.ሰ) ጓደኛ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የረሳ ሰው ነበር። በእርሱ መርሳት ግን ንጹሕ ሰው ዓመታት ቆየ። በደባርቅም ሆነ በሌላ ቦታ የታሠረ ዘመድ ያለን ሁሉ ከረሱት እንዳንሆን አደራ እንላለን።

አላህ የታሠሩትን በሐቅ ይፍታልን፣ የተበደሉትን ይካስልን፣ በዳኞቻችን ልብ ፍትሕን ያኑርልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።