ማንቆርቆሪያ ላይ የሚጋገረው ነጭ ነገር ወይስ የማይታየው ናይትሬት? የሐረር ሰው የቱን ይፍራ?

 

በቀደም ዕለት ጊደር መጋላ ቅመም የሚሸጡ አንዲት እናት በፌስታል የቋጠሩትን ነገር ይዘውልኝ መጡ። ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ ሲያፈሱት ነጭ፣ የተሰበረ የእንቁላል ቅርፊት የሚመስል ነገር ነው። ከማንቆርቆሪያቸው ውስጥ በቢላ ፍቀው ነው ያወጡት። "ልጄ፣ ብረቱ ላይ እንዲህ ከተጋገረ ኩላሊታችን ላይማ ምን ይሠራ ይሆን?" አሉኝ።

ወሬያችን ሲቀጥል ዋናው ነገር መጣ። በዚህ ፍርሃት የተነሳ የቧንቧውን ውሃ ትተውታል። የሦስት ወር የልጅ ልጃቸውን የዱቄት ወተት የሚበጠብጡት ከጎረቤት ጓሮ ጉድጓድ በሚቀዳ ውሃ ነው። "እሱ ጥርት ያለ ነው፣ ሳሙናም ያረፋል፣ ደግሞ ደህና አድርጌ ነው የማፈላው" አሉኝ። "ሽንት ቤቱስ የት ነው?" ስላቸው "እዚያው፣ ከጉድጓዱ ስድስት ሰባት እርምጃ ቢሆን ነው" አሉ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔን ያስደነገጠኝ በፌስታል የመጣው ነገር ሳይሆን ይሄ ነው። ሕፃኑን አስመጥቼ አየሁት፣ ደግነቱ ደህና ነው። ግን ስንቶቻችን የማይጎዳውን ፈርተን ወደሚጎዳው እንደምንሄድ ሳስብ ይህችን ጽሑፍ ልጽፍላችሁ ወሰንኩ።

ውሃችን ከየት ነው የሚመጣው?

ትልልቆቻችን እንደሚያስታውሱት ሐረር ለብዙ ዓመታት የምትጠጣው የሐረማያ ሐይቅን ውሃ ነበር። ሐይቁ በ1990ዎቹ (በእኛ አቆጣጠር) ደረቀ። ከዚያ በኋላ ከተማዋ ፊቷን ወደ ከርሰ ምድር ውሃ አዞረች። ከዋና ዋና መስመሮች አንዱ የሚነሳው ድሬዳዋ በኩል ካለው የሐሰሊሶ የጉድጓድ መስክ ነው። ውሃው ከቆላ ተስቦ፣ ተራራውን በፓምፕ ወጥቶ ነው እኛ ጋ የሚደርሰው።

የሐይቅ ውሃ እና የጉድጓድ ውሃ ጠባያቸው ይለያያል። የጉድጓድ ውሃ ከመሬት በታች ከድንጋይ ጋር ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ የድንጋዩን ማዕድን አሟሙቶ ይዞ ይመጣል። በድሬዳዋ አካባቢ ደግሞ የኖራ ድንጋይ በብዛት አለ። እዚያ የሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም፣ ሲሚንቶ የሚሠራው ከኖራ ድንጋይ ነውና።

ታዲያ ነጩ ነገር ምንድን ነው?

ዝናብ አፈር ውስጥ ሲሰርግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀላቀልበታል፣ አምቦ ውሃ ውስጥ ያለው ጋዝ ማለት ነው። ይሄ ውሃውን በጣም ደካማ አሲድ ያደርገዋል፣ አሲዱም የኖራ ድንጋዩን ቀስ በቀስ ያሟሟል። በዚህ መንገድ ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ውሃ "ጠጣር ውሃ" ይባላል። ሳሙና አላረፋ የሚለው፣ ሽምብራና ባቄላ ቶሎ አልበስል የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ውሃው ሲፈላ ጋዙ ይወጣል፣ የሟሟው ካልሲየምም ተመልሶ ኖራ ይሆንና ማንቆርቆሪያው ላይ ይጋገራል። የምትፍቁት ነገር ከውሃው ውስጥ የወጣ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ የእንቁላል ቅርፊት የተሠራበት ያው ነገር። መርዝ አይደለም። ማንቆርቆሪያውን ለማጽዳት በቢላ አትድከሙ፣ አቼቶ ወይም ሎሚ ከውሃ ጋር ጨምራችሁ አፍሉትና አሳድሩት፣ ይለቃል።

"ዶክተር፣ የኩላሊት ጠጠር አያመጣም?"

በጣም የምጠየቀው ጥያቄ ይሄ ነው። ጠጣር ውሃ ጤነኛ ሰው ላይ የኩላሊት ጠጠር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነገር የለም። የዓለም ጤና ድርጅትም ለውሃ ጠጣርነት በጤና ምክንያት ያስቀመጠው ገደብ የለም። ለጠጠር ከሚያጋልጡ ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ውሃ በበቂ አለመጠጣት ነው። ሙቀቱ አለ፣ ቀኑን ሙሉ ጫት ላይ ተቀምጦ በለስላሳ የሚያሳልፍ አለ፣ በዚያ ላይ "ውሃችን ጠጠር አለበት" ብሎ ውሃ የሚቀንስ አለ። ፈርተን የቀነስነው ውሃ ነው ዞሮ ጠጠር የሚሆነው። ሽንታችሁ ነጣ ያለ ቢጫ እስኪሆን ድረስ ጠጡ። ከዚህ በፊት ጠጠር የወጣላችሁ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባችሁ ግን የራሳችሁን መጠን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ።

የሚያስፈራው የማይታየው ነው

አሁን ወደ ጓሮ ጉድጓዱ እንመለስ። ከሽንት ቤት፣ ከከብት እበትና ከማዳበሪያ የሚወጣ ናይትሮጅን አፈር ውስጥ ወደ ናይትሬት ይለወጣል። ናይትሬት ውሃ ውስጥ በቀላሉ ስለሚሟሟ ዝናብ ይዞት ወደ ጉድጓድ ይወርዳል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ማንቆርቆሪያ ላይ አይጋገር። በጎረቤታችን በድሬዳዋ ከተማ ውስጥ ባሉ አንዳንድ ጉድጓዶች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ከፍተኛ ናይትሬት ተገኝቷል፣ ከምክንያቶቹ አንዱም የሽንት ቤት ጉድጓዶች ናቸው። እንደ ጀጎል ቤት ከቤት ተደጋግፎ በሚኖርበት ሰፈር ጉድጓድና ሽንት ቤትን ማራራቅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ናይትሬት ነው። ይህ ገደብ የወጣው በተለይ ጡጦ የሚጠቡ ጨቅላ ሕፃናትን ለመጠበቅ ነው። ከስድስት ወር በታች ባለ ሕፃን ሆድ ውስጥ ናይትሬት በቀላሉ ወደ ናይትራይት ይለወጣል። ናይትራይት ደግሞ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ችግሩን በፈረንጆቹ 1945 ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ ያሳወቀው ሀንተር ኮምሊ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነው። እሱ ያያቸው ሕፃናትም ወተታቸው የሚበጠበጠው በጉድጓድ ውሃ ነበር።

ምልክቱ፦ ከንፈር፣ ምላስና ጥፍር ወደ ሰማያዊ ወይም አመድማ ቀለም መለወጥ፣ መፍዘዝ፣ ትንፋሽ መቆራረጥ። የቆዳ ቀለም ሊያታልል ስለሚችል የአፍ ውስጡን እዩ። ይህን ካያችሁ ነገ አትበሉ፣ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ምን ውሃ ይጠጣ እንደነበርም ለሐኪሙ ንገሩ። ቶሎ ከተደረሰ መድኃኒት አለው።

"ግን እኮ አፍልቼዋለሁ!"

እዚህ ጋ ነው ብዙዎቻችን የምንሳሳተው። ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ እሱንም አትተዉት። ናይትሬት ግን ጀርም አይደለም፣ አይሞትም። እንዲያውም ውሃው በተንተከተከ ቁጥር እየተነነ ይቀንሳል፣ ናይትሬቱ ግን እዚያው ይቀራል፣ ስለዚህ መጠኑ ይጨምራል። ሾርባ ሲንተከተክ ጨው እንደሚበዛው ማለት ነው። ውሃ አጋርም ሆነ ተራ የቤት ማጣሪያ አያስወግደውም። በስምጥ ሸለቆ ጥርስና አጥንት የሚጎዳው ፍሎራይድም እንዲሁ ነው፣ በማፍላት አይጠፋም።

ምን እናድርግ?

1. እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ። እናትየው የምትጠጣው ናይትሬት ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው በጣም ትንሽ ነው። ከሁሉም የሚቀለውና ወጪ የሌለው መከላከያ ይሄ ነው።

2. የዱቄት ወተት ግድ ከሆነ በጓሮ ጉድጓድ ውሃ አትበጥብጡ። የታሸገ ውሃ ከገዛችሁ ላዩ ላይ የተጻፈውን የናይትሬት መጠን አንብቡና ዝቅተኛውን ምረጡ። የፈላ ውሃ ተጠቀሙ፣ ግን አንዴ ከፈላ ይበቃዋል፣ ደጋግማችሁ አታፍሉት።

3. መስመር ሲጠፋ በጄሪካን ወይም በቦቴ ስትገዙ "ከየት ነው የተቀዳው?" ብላችሁ ጠይቁ። ምንጩ ያልታወቀ ውሃ ለልብስና ለወለል ይሁን።

4. ጉድጓድ ያላችሁ ከሽንት ቤት ቢያንስ 30 ሜትር መራቁን፣ ከሽንት ቤቱም በላይ በኩል መሆኑን እዩ። የውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤቱን ወይም ጤና ቢሮውን ጠይቃችሁ ናይትሬቱን አስመርምሩ። በዓይንና በምላስ አይታወቅም።

እኚያ እናታችን ሲወጡ "እንግዲህ ኖራውን ስሸሽ ሽንት ቤት ውስጥ ልገባ ነበር በለኛ!" ብለው አሳቁኝ። ልጃቸው ሥራ ስትገባ ጡቷን አልባ እንድታስቀምጥ ተነጋግረናል፣ የጎደለውን በታሸገ ውሃ ይበጠብጡለታል። ፌስታሉን ግን ጠረጴዛዬ ላይ ጥለውት ሄደዋል፣ እኔም አልጣልኩትም። ቀጥሎ "ዶክተር፣ ይሄ ነጭ ነገር..." ብሎ ለሚመጣ ሰው ማሳያ ይሆነኛል።

ጨቅላ ሕፃን ላለው ዘመድ፣ በተለይ የጉድጓድ ውሃ ለሚጠቀም ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ እመልሳለሁ። ጤና ይብዛላችሁ!